ከበርበሬው ጎን የተገኘችው ጥንቸል

እናቴ ከአገር ቤት የላከችልኝ በርበሬ እንዴት እንደተጣለ ልንገራችሁ። ቡናው እስኪፈላ ጊዜ አለን። ብቻ የበርበሬው ወሬ ያለ ጥንቸሏ አይወራም፣ የጥንቸሏም ያለ መዥገሩና ያለ ቢንቢው አይወራም፤ ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና ከጫካው እነሳለሁ።

የምኖረው ስዊድን፣ ዳላርና ውስጥ፣ ከፋሉን ከተማ ወጣ ብሎ ነው። እዚህ አገር ጫካው የመንግሥትም ይሁን የግለሰብ፣ ማንም ሰው ገብቶ የዱር ፍሬ ቢለቅም ተው የሚለው የለም፤ ሕጉም ልማዱም ይፈቅድለታል። ይህን ነገር እወደዋለሁ። አገሩን የለቀቀ ሰው «ግባ፣ ልቀም» የሚባልበት ቦታ ሲያገኝ ልቡ ያርፋል። ነሐሴ ሲገባ ከጥዱ ሥር ያለው ቁጥቋጦ ሁሉ ብሉቤሪ ያንጠለጥላል፤ ጣት እስኪጠቁር፣ ወገብ እስኪቆለመም ቢለቅሙት አያልቅም።

እ.ኤ.አ. በ2019 የፍልሰታ ጾም ከተጋመሰ በኋላ የሚካኤል ማኅበር ተራው የእኛ ቤት ደረሰ። ነሐሴ 12 ደግሞ እሑድ ውሎ ነበርና ማንም በሥራ አያመካኝም፤ ቤቱ እንደሚሞላ አውቀናል። ባለቤቴ «ለጾመ ሰው የጣሳ መጠጥ አላቀርብም፣ ጭማቂውን እኔ እሠራለሁ» አለችና አርብ ከሥራ ስመለስ በር ላይ ባልዲ አስያዘችኝ። «ሳይሞላ እንዳትመጣ፤ ደግሞ እንደ ልማድህ እየዞርክ ወፍ ስትቆጥር እንዳይመሽብህ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ጫካ ስገባ ዓይኔ አያርፍም። የተሰበረ ቅርንጫፍ፣ የአጋዘን ኮቴ፣ የጉንዳን ኩይሳ፣ ሁሉም ይጠራኛል።

ያ ሰሞን ሬዲዮው ሁሉ የሚያወራው ስለ አንድ በሽታ ነበር። ስዊድኖቹ ሃርፔስት ይሉታል፤ የጥንቸል ወረርሽኝ እንደ ማለት ነው። የሕክምና ሰዎች ቱላሬሚያ ነው የሚሉት። ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ 979 ሰዎች ታመው ተመዝግበዋል፤ የበዛውም በእኛው በዳላርና፣ በጎረቤታችን በዬቭሌቦርግና በኤሬብሩ ነው። ሥራ ቦታ እንኳ አንዱ ቀርቶ «ምን ሆኖ ነው?» ሲባል «ብብቱ ሥር አብጦ ትኩሳት ይዞታል» የሚል መልስ መስማት ተለምዶ ነበር። ስለዚህ ወደ ጫካው ስገባ እጅጌዬን እስከ አንጓዬ አውርጄ፣ ሱሪዬን ካልሲዬ ውስጥ ከትቼ ነው። ቢንቢው ግን ለካልሲም ደንታ የለውም።

ባልዲው ግማሽ ላይ ሲደርስ ነው ያየኋት። ከመንገዱ ዳር፣ ሽበት ያለው ድንጋይ ላይ ዘንበል ብላ ተቀምጣለች። የተራራ ጥንቸል ናት፤ በክረምት እንደ በረዶ የምትነጣው፣ በሙቀቱ ወራት ግራጫና ቡናማ የምትለብሰው፣ የጆሮዋ ጫፍ ብቻ ዓመቱን ሙሉ ጥቁር የሆነው ዓይነት። ጥንቸል ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ሰምታ የምትበር እንስሳ አይደለች? ይቺ ግን ዞራ እንኳ አላየችኝም። ባልዲውን አስቀመጥኩ፣ ቀስ ብዬ ተጠጋሁ፤ ጎኗ በፍጥነት ይነሣል ይወድቃል። ከዚያ ወዲያ መቅረብ አላስፈለገም። የዱር አውሬ ሰው ካልፈራ ጤና የለውም፤ ይህን ሬዲዮውም ሲለው ነበር። ወደ ኋላ ብዬ ቆሜ ቆየሁ። ትቻት ልሂድ አላስቻለኝም፣ ላድናትም አልችልም። ጥቂት ቆይቶ ከድንጋዩ ተንሸራተተችና ሣሩ ላይ በጎኗ ተኛች፤ መተንፈሷንም አቆመች።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼኔ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ባልዲውን አንሥቶ ይሄድ ነበር። እኔ ግን ኡፕሳላ የሚገኘው የብሔራዊው የእንስሳት ሕክምና ተቋም ሕዝቡ ሞተው ያገኛቸውን የዱር እንስሳት እንዲጠቁም እንደሚፈልግ፣ አንዳንዱንም አስልኮ እንደሚመረምር አውቅ ነበርና ስልኬን አወጣሁ። የት እንደሆነ፣ ምን እንዳየሁ ጠየቁኝ። ከአካባቢው የመጣ ናሙና እንደሚጠቅማቸው ነገሩኝና እንዲህ አድርግ አሉኝ፦ በባዶ እጅህ አትንካ፤ ጓንት አድርግ፤ ፌስታሉን ገልብጠህ እጅህ ላይ አጥልቀህ በእሱ ያዛት፤ መልሰህ ገልብጥና ቋጥር፤ በሌላ ፌስታል ድገመው፤ ቀዝቃዛ ቦታ አቆያትና ሳምንቱ መጨረሻ ላይ መንገድ እንዳታድር ሰኞ ላካት።

ጓንት ከመኪናዬ አመጣሁ። ሳነሣት ነው መዥገሮቹን ያየሁት። በጆሮዋ ሥር፣ ፀጉሩ በሳሳበት በኩል፣ በደም ተነፍተው ልክ እንደ ጉሎ ፍሬ የሚያብረቀርቁ ግራጫ መዥገሮች ተደርድረዋል። ከመሃላቸው አንዱ አፉን አላቆ እግሮቹን ማንቀሳቀስ ጀምሯል። የተጣበቀበት እንስሳ ሲሞት መዥገር ቤት መቀየር ይፈልጋል፤ የሚቀጥለው ቤት ደግሞ እኔ ልሆን እችላለሁ። ፌስታሉን ቶሎ ቋጠርኩት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ያቺን ጥንቸል የገደላት ነገር ሳይታወቅ ቀሪው አይገባም። ባክቴሪያው እጅግ ትንሽ ነው፣ ግን ጉልበተኛ ነው፤ ሰውን ለማሳመም ከ10 እስከ 50 የሚሆኑ ህዋሳቱ ብቻ ይበቁታል። መጀመሪያ የታወቀው ካሊፎርኒያ ውስጥ ቱላሬ በምትባል አውራጃ ነው። ጆርጅ ማኮይ የሚባል ሐኪም በ1911 የምድር ሽኮኮዎች በወረርሽኝ ሲያልቁ አጥንቶ ጻፈ፤ በማግሥቱ ዓመት ከቻፒን ጋር ሆኖ ባክቴሪያውን ለየው። ከእሱ በኋላ ኤድዋርድ ፍራንሲስ ዕድሜውን ለዚህ በሽታ ሰጠ፤ ራሱም ታሞበታል፤ የባክቴሪያው ስም ፍራንሲሴላ የሆነው በእሱ ነው። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ሐቺሮ ኦሃራ የሚባል የፉኩሺማ ሐኪም ነበር። ጥንቸል የነኩ ገበሬዎች ለምን በትኩሳት እንደሚወድቁ ለማወቅ ሲታገል፣ በ1925 ባለቤቱ ሪኪ እጄን ውሰድ አለችው። ከሞተ ጥንቸል የወሰደውን ደም በእጇ ጀርባ ላይ ቀባው፤ ታመመች፤ የበሽታው መንገድም ተገለጠ። ይህን ታሪክ ባነሣሁ ቁጥር ስለ ሪኪ አዝናለሁ፣ እኮራባታለሁም። በመጻሕፍቱ ውስጥ ጎልቶ የሚጻፈው የባሏ ስም ነው፤ ትኩሳቱን የተሸከመችው ግን እሷ ናት።

አሜሪካ ውስጥ ይህን በሽታ ከጥንቸል ወደ ሰው በማሻገር ዋነኛዎቹ መዥገሮችና ነካሽ ዝንቦች ናቸው። አርካንሳስ፣ ሚዙሪ፣ ኦክላሆማ የመዥገሩ አገር ናቸው። ሰውን እምብዛም የማትነክስ፣ ጥንቸልን አብልጣ የምትወድ መዥገርም አለች፤ እሷ ደግሞ በሽታውን ከጥንቸል ወደ ጥንቸል እያመላለሰች ጫካ ውስጥ ታኖረዋለች። መዥገር ከዕጭነቱ ጀምሮ እስኪያድግ ሆዱ ውስጥ ይዞት መቆየት ይችላል። ስዊድን ውስጥ ግን ብዙውን ሰው የምታሳምመው ቢንቢ ናት፤ መዥገርም ድርሻ አለው፤ የሞተ እንስሳ መንካት፣ የተበከለ ውሃ መጠጣትና አቧራ መተንፈስም አለ። በ1967 በዚሁ አገር ከ2,000 በላይ ሰው ታሞ ነበር፤ ከእነሱ መሃል ገበሬዎች ነበሩ፤ የመስክ አይጦች ያበላሹትን ድርቆሽ ሲያገላብጡ ከአቧራው ጋር ስበውት ነው። በ2000 ደግሞ ማርታስ ቪንያርድ የምትባለው የማሳቹሴትስ ደሴት ላይ 15 ሰዎች ታመው አንዱ ሞቷል፤ ሣር ማጨጃ እየገፉ፣ ቁጥቋጦ እየመነጠሩ ነበር የተያዙት። የስዊድኑ ዝርያ ከአሜሪካው ይለዝባል፤ ሰው መግደሉ እምብዛም ነው። ጥንቸልን ግን አይምርም። ደሟ ውስጥ ገብቶ በጥቂት ቀናት ይጨርሳታል፤ ስትከፈት ጣፊያዋ አብጦ ጠቁሮ ይገኛል።

ወደ ቤት ልመለስ። ባለቤቴ መታጠቢያ ቤት ነበረች። ባልዲውን ወጥ ቤት አኖርኩና በረንዳ ላይ ያለውን ትንሹን ፍሪዘር ከፈትኩ። ውጭ አገር የኖረ ሐበሻ ይህን ፍሪዘር ያውቀዋል፤ በርበሬ፣ ምጥን ሽሮ፣ ኮረሪማ፣ ከአገር ቤት በሰው ሻንጣ የመጣ ነገር ሁሉ የሚከተትበት ነው። የላይኛው መሳቢያ ሙሉ ነው። የታችኛው ላይ የእናቴ በርበሬ በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ ከጎኑ ቦታ አለ። የእኔም ፌስታል ጥቁር ነው። አስገባኋት። ለባለቤቴ ሰኞ ጠዋት ጥንቸሏን ከላክሁ በኋላ ልነግራት አሰብኩ፤ የማኅበር ድግስ ላይ ያለች ሴት ሌላ ሐሳብ አትጨመርባትም።

እሑድ መጣ። ቅዳሴው አልቆ ሰው ሁሉ ወደ እኛ ጎረፈ። ቄጤማ ባይገኝም ባለቤቴ ከሐይቁ ዳር የታጨደ ለምለም ሣር ጎዝጉዛለች፤ እጣኑ ይጨሳል፣ ጀበናው ተጥዷል፣ ዳቦው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ አባታችን እስኪባርኩት ይጠብቃል። እኔ በር ላይ ቆሜ ጫማ የሚያወልቀውን ሰው እቀበላለሁ። እትዬ እንደ ልማዳቸው በቀጥታ ወደ ወጥ ቤት ገቡ። እትዬ የማኅበራችን ትልቅ ናቸው፤ ወጥ ሳይቀምሱ አይቀመጡም። ድስቱን ከፍተው አማሰሉና «ልጄ፣ ይኼ ምስር ገርጥቷል፤ በርበሬ የለሽም እንዴ?» አሉ። ባለቤቴ እጇ ሊጥ ነበረና «በረንዳው ላይ ፍሪዘር ውስጥ አለ እትዬ፣ ታች፣ በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለው» አለቻቸው።

ይህን ከበር ላይ ሰምቻለሁ። የአባታችንን ካባ በአንድ እጄ፣ መስቀላቸውን የያዘውን እጃቸውን ደግሞ በሌላው ይዤ ተሳልሜ ቀና ስል ነው ትርጉሙ የገባኝ። እስክደርስ ግን ረፈደ። እትዬ አንዱን ቋጠሮ ፈተዋል። በርበሬ መሆኑን ለማረጋገጥ ሁለተኛውንም ፈተዋል። ከዚያ ዝም አሉ። እትዬን ዝም ብለው አይቻቸው አላውቅም። ቀጥለው ጆሮውን በሁለት ጣት ይዘው ከፌስታሉ ግማሽ ድረስ ጎተቱት፤ በረዶ የሆነ ረጅም ጆሮ፣ ጫፉ ጥቁር።

«በስመ አብ ወወልድ!» አሉ። «በክት! በፍልሰታ! በሚካኤል ቀን!»

ቤቱ ጸጥ አለ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል፤ የእኔ ግን ከፊት ለፊት፣ በማኅበርተኛው ሁሉ መሃል መጣ። እትዬ ፌስታሉን በእጃቸው አርቀው ይዘው ወደ ሳሎን እየመጡ ነው፣ ለሁሉም ሊያሳዩ። እኔም ባለ በሌለ ድምፄ «አይንኩብኝ! እትዬ፣ በእግዚአብሔር፣ እሷን አይንኩብኝ!» ብዬ ጮኽሁ። ይህን ያልኩት በባዶ እጃቸው ስለያዙት ነው። የሰሙት ሰዎች ግን የሰሙት ሌላ ነው። ሥጋዬን የምከላከል መሰላቸው። አንደኛው ሽማግሌ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያ አነሡ። ሌላው «ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11» ብለው ከጎናቸው ላለው በቀስታ ጠቆሙት፤ ሽኮኮና ጥንቸል እንደማይበሉ የተጻፈበት ነው። አንዲት እናት ልጃቸውን ወደ ጉያቸው አስጠጉ። ልጁ ግን ደስ ብሎት የጥንቸሏን ስም በስዊድንኛ «ሃሬ! ሃሬ!» እያለ ይዘላል፤ በቤቱ ውስጥ ደስ ያለው እሱ ብቻ ነበር። የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰው ክፉ ሲናገር የማልሰማባቸው ሰው፣ «ፈረንጅ አገር ሲቆዩ እንዲህ ይሆናል» አሉ፤ በሐዘን ነው ያሉት፣ በእውነተኛ ሐዘን። ያ ነው የበለጠ ያቆሰለኝ። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

ባለቤቴን አየኋት። ሊጥ በያዘው እጇ በሩ መቃን ላይ ተደግፋ ታየኛለች። ከሁሉም ዓይን የእሷ ከበደኝ። በትዳር ዘመናችን ምን ስል ምን እንደማስብ ታውቃለች፤ በዚያች ቅጽበት ግን ከምን ዓይነት ሰው ጋር እንደኖረች የምትጠይቅ ትመስል ነበር። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ የመጣልኝ ቃል «ልልካት ነው» የሚል ብቻ ነው። «ለማን?» አሉ እትዬ። «ለመንግሥት» አልኩ። ነገሩ ባሰ።

ያወጡኝ አባታችን ናቸው። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው «ልጄ፣ ገድለሃት ነው ወይስ ሞታ ነው ያገኘሃት?» አሉኝ። «ሞታ፣ አባቴ። ታማ ስትሞት ቆሜ አይቻታለሁ።» «ታዲያ ለምን አመጣሃት?» ያኔ ተናገርኩ፤ የጫካውን፣ የመዥገሩን፣ የኡፕሳላውን። ከሴቶቹ መሃል ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ አለች፤ «ሃርፔስት» የሚለውን ቃል እንደሰማች ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። ከዚያ በኋላ ቤቱን ያስተዳደረችው እሷ ናት። እትዬን በክርናቸው ይዛ ወደ ቧንቧው ወሰደቻቸው፤ በሳሙና እስከ አንጓቸው ደጋግማ አሳጠበቻቸው፤ ጣታቸው ላይ ቁስል፣ የቢላ ጭረት እንዳለ አገላብጣ አየች። ሽንኩርት ሲከትፉ የተጫረች አንዲት ቀጭን መስመር አውራ ጣታቸው ላይ አለች። ነርሷ ፊቷ ተለወጠ፤ እኔ ግን እሷ ምንም ሳትናገር ነው የገባኝ። ያ ባክቴሪያ ከዚያች መስመር የሰፋ በር አይፈልግም።

ጥንቸሏን በጓንት መልሼ ቋጠርኩ። ወለሉ በበረኪና ታጠበ፣ ሣሩ ተጠርጎ ወጣ፣ ፍሪዘሩ ባዶ ሆነ። የእናቴ በርበሬ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ያለቀለት። ፌስታሎቹ ሲፈቱ ከጥንቸሏ አፍንጫ የቀዘቀዘ ደም የበርበሬው መጠቅለያ ላይ ረግፎ ነበር። ብርድ ይህን ባክቴሪያ አይገድለውም፤ አዳኞች ያቀዘቀዙት የጥንቸል ሥጋ ውስጥ ከሦስት ዓመት በላይ ሕያው ሆኖ ተገኝቷል። እሳት ይገድለዋል፤ በደንብ የበሰለ ወጥ ያሳምማል የሚል የለም። ባለቤቴ ግን «ማን ይበላዋል?» አለች። እናቴ ዛላውን ቀንጥሳ፣ በፀሐይ አስጥታ፣ ነጭ ሽንኩርቱንና በሶብላውን ደልዛ፣ አፍንጫዋን በነጠላ ጫፍ ሸፍና ያስፈጨችው በርበሬ፣ ጓንት ባደረገ እጄ ወደ ቆሻሻ ገባ። ማኅበርተኛው ገርጣ ያለ ምስር በላ። ስለ ወጡ ማንም አልተናገረም፤ እትዬም ጭምር።

ነርሷ 1177 ደውላ ጠየቀች። እሱ የጤና ምክር የሚሰጥበት የስዊድን ስልክ ነው። መድኃኒት አሁን አያስፈልግም፣ ግን እስከ ሁለት ሳምንት ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ቁስል ወይም ንፍፊት ካዩ ወዲያው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ ተባለ። ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ውስጥ ነው የሚነሣው። ያን ጊዜ እንዴት እንዳለፍኩት አልረሳውም። ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት እደውላለሁ። «እትዬ፣ እንዴት አደሩ? ትኩሳት አለ?» «የለም።» «ብብትዎትን አይተዋል?» «ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ብብቴን ስትጠይቀኝ አታፍርም?» «አላፍርም እትዬ፣ ይዩልኝ።» ስልኩን አኑረው ያያሉ፤ ተመልሰው «ምንም የለም፣ ሂድ ሥራህን ሥራ» ይሉኛል። አንዳንዴ ሳልደውል ከዘገየሁ እሳቸው ይደውላሉ፤ «ዛሬ አልጠየቅኸኝም» ብለው።

ወሬው በዚያው ሳምንት ከተማውን ዞሯል። ወሬ ሲዞር የሚቀረው ጥንቸሏ እንጂ ኡፕሳላ አይደለም። ስቶክሆልም ያለ ዘመዴ ደውሎ «እውነት ነው እንዴ የሚወራው? ጥንቸል ትበላለህ ይላሉ» አለኝ። ሌላው በዘዴ መጣ፤ ስለ ጾም፣ ስለ ንስሐ አባት አንሥቶ ብዙ ካወራኝ በኋላ «ሰው ይወድቃል፣ ይነሣል» ብሎ ዘጋው። ለሁሉም ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳሁ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጫማዬን ሳወልቅ ከኋላዬ ሹክሹክታ የሰማሁበት እሑድ አለ፤ ጀርባዬ ሲሞቅ ይሰማኝ ነበር። ያኔም ቢሆን ጥንቸሏን ትቻት በሄድኩ ብዬ አላውቅም።

ፖስታው ቀላል ሆነ። ሰኞ ጠዋት ፈሳሽ የሚመጥ ወረቀት ዙሪያዋን ጠቅልዬ፣ እንደታዘዝኩት አሽጌ፣ ካርቶን ውስጥ አድርጌ ላክኋት። ዕቃ የምትቀበለው ልጅ አድራሻውን አንብባ ካርቶኑን በአክብሮት ለብቻው አኖረችው።

ውጤቱ የመጣው እትዬ ሁለቱን ሳምንት በጤና ከጨረሱ በኋላ ነው። ቱላሬሚያ ነው፤ ያቺ ድንጋይ ላይ የተቀመጠች ጥንቸል በእሱ ነው የሞተችው። ደብዳቤውን ለማኅበሩ አነበብኩት። ሰው እንዲያምነኝ ብዬ ብቻ አይደለም፤ ከእኛ መሃል ብሉቤሪ ለመልቀም የማይወጣ፣ ውሻ ከጎረቤት ጋር የማያንሸራሽር፣ ጋዜጣ በጠዋት የማያድል ሰው የለም። የሞተ ጥንቸል ወይም አይጥ ያገኘ በእጁ እንዳይነካ፣ ሣር የሚያጭድ መጀመሪያ ዞሮ መሬቱን እንዲያይ፣ ከጫካ የተመለሰ ከጉልበቱ ጀርባና ከብብቱ መዥገር እንዲፈልግ፣ ያገኘውን በወረንጦ ከቆዳው ጋር አስጠግቶ ይዞ ቀጥ አድርጎ እንዲነቅል ነገርኩ። በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍም ነገርኩ፤ ምክንያቱም እትዬን ከዚያ እሑድ ጀምሮ ከርቀት ሰላም የሚሏቸው ነበሩ፤ እሱ ነገር አንገብግቦኝ ነበር።

ካዳመጡኝ መሃል የአንዲት እናት ልጅ ትኩሳት ይዞት ተኝቷል። ጋዜጣ በብስክሌት ያድላል። ጤና ጣቢያ ሄዶ ፔኒሲሊን ተሰጥቶት ነበር፤ ሳምንት ሊሆነው ነው፣ አልተሻለውም። «ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቁስል አለች፣ እዚህ ጋ ደግሞ ንፍፊት አብጦበታል» ብለው ብሽሽታቸውን አሳዩ። ነርሷና እኔ ተያየን። ፔኒሲሊን ለዚህ ባክቴሪያ ምንም አያደርገውም፤ የሚፈራው እንደ ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ያሉትን፣ ከጠናም ጄንታሚሲንን ነው። በማግሥቱ ልጁን ይዛው የሄደችው ነርሷ ናት፤ ሐኪሙ ዘንድ ገብታ የቁስሏንም የጥንቸሏንም ነገር ተናገረች። ደሙ ተመረመረ፣ መድኃኒቱ ተቀየረ። ትኩሳቱ ለቀቀው፤ ንፍፊቱ ግን ለመጥፋት ሳምንታት ወሰደ። እናቱ ቤታችን ድረስ መጥተው ለባለቤቴ አንድ ጥቅልል ሰጧት፤ በርበሬ ነው፣ ከራሳቸው ላይ የተካፈለ። ባለቤቴ ወጥ ቤት ወዳለው ትልቁ ፍሪዘር አስገባችው።

በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ላይ ሥራ ቦታ ሆኜ ስልኬ ጮኸ፤ እትዬ ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ጎመንና ጤና አዳም የሚተክሉበት ትንሽ መደብ አላቸው። ጎመኑ ሥር አንዲት ጥንቸል ሞታ ማግኘታቸውን ነገሩኝ። ልቤ ደነገጠ፤ «እትዬ፣ እንዳይነኳት!» አልኩ። «ምን ብዬ እነካለሁ? ባልዲ ገልብጬ ደፍቼባት፣ ድንጋይ ጭኜበት፣ የጎረቤቱን ውሻ አባርሬ ቆሜያለሁ። የልጅ ልጄ ኡፕሳላ ደውላለች፣ ላኩ ብለዋል። ጓንትም አለኝ፣ ፌስታልም አለኝ። አንተ የሚሆን ካርቶን ብቻ ይዘህ ና።»